የአምሳለ ደም

እህቴ አምሳለ ጫግኒ ለአጨዳ ወርዳ ስትመለስ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዳንግላ ክሊኒክ ወሰድኋት። ድሬሰሩ አቶ ጠሃ ጣቷን ወግቶ ደሟን በማይክሮስኮፕ አሳየኝ።

"ክብ ክቡ ሕዋስ ነው፤ ስስ ሽፋን አለው። የምንተነፍሰውን አየር ለሰውነት የሚያደርሰው እሱ ነው። ውስጡ ያለው ቀለበት ወባ ነው። እዚያው ይራባና ሽፋኑን ቀድዶ ይወጣል፤ ሌላውን ይወርራል። ይህን ክኒን ዛሬውኑ ትጀምር!" ብሎ ሰጠኝ።

ቤት ስንደርስ እናታችን ጠበል አስቀድታ ጠበቀችን።

"ጠበል ላይ ክኒን አይወሰድም። ሰባት ቀን ትጠመቅና ከዚያ ትውጠዋለች" አለች።

አምሳለ ከመደቡ ላይ ሆና፣ "አንተ፣ ደሜን አየኸው አሉ። እንዳንተ ፈሪ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ያየሁትን ለመናገር ተነሣሁ። የንስሐ አባታችን ተቀምጠው ነበር፤ አፈርሁና ክኒኑን ኪሴ ከተትሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ዛሬ ስንት ሕዋስ ተቀደደ እያልሁ ስመለከታት እውል ነበር።

አምሳለ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዐረፈች።

ከተዝካሯ በኋላ እናቴ ልብሴን ስታጥብ ክኒኑን አገኘችው።

"ልጄ፣ ይኼ ያድናት ነበር?" አለችኝ።

ክኒኑን ከእጇ ተቀብዬ እንደገና ኪሴ ከተትሁት።