ነፋሱ እስኪነሳ

መርዙቅ ዱካውን ገና ሲያየው ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ባዶ እግር ነው። የቀኙ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፣ ተረከዙም አሸዋውን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ጫን ያለው። በልጅነቱ ግመል የረገጠችው እግር! ያኔ አቅፎ ሐኪም ዘንድ ያደረሰው ራሱ መርዙቅ ነበር። የገዛ ልጁ የፈላህ ዱካ ነው።

የጠፋችው የአገረ ገዢው የአሚሩ ጭልፊት ናት። በዚህ በበጋ ላባዋን እስክትቀይር ድረስ ቀዝቃዛ አየር በሚነፋበት ክፍል ስትቀለብ የከረመች፣ ወደ ሪያድ ለንጉሡ እጅ መንሻ ልትላክ የታሰበች ወፍ። ዛሬ ጠዋት የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተገኘ፤ ወፏ የለችም፣ ከአጥሩ ሥር ግን ወደ ደቡብ የሚሄድ ዱካ አለ። ንጉሡስ ሩቅ ነው፤ አሚሩ ግን እዚሁ ደጃችን ነው፣ ቁጣውም ሳይውል ሳያድር ነው የሚደርሰው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚጠራው መርዙቅ ነው። የሰውን ዱካ አይቶ ስሙን ይነግርሃል፤ ወላሂ፣ የደከመውንና የጠማውን ሳይቀር ይለይልሃል። ፖሊሶቹ ከግመሎቹ በረት አንስተው አመጡት።

ፈላህ ደግሞ የዚችው ወፍ ጠባቂ ነበር። ከአሚሩ ቤት አዛዥ ጋር ተጣልቶ በቅርቡ ተባረረ። «ያቺን ወፍ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የእኔው ናት!» እያለ በየሻይ ቤቱ ሲደነፋ ያልሰማው ሰው የለም። አባቱም ሰምቷል። የሌባ እጅ ምን እንደሚሆን በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። የልጁ ቀኝ እጅ ዓይኑ ላይ ድቅን አለችበት።

«እህ፣ አቡ ፈላህ?» አለ መቶ አለቃ ሻፊ። «የፈላህ አባት» ማለቱ ነው፤ እኛ ጋ ሰው በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው። መርዙቅ ግን የገዛ መጠሪያው አስደነገጠው። «ምን ታየዎት? ማነው ሰውዬው?»

«ኧረ ቆይ አንተ ልጅ! መቼ አየሁትና!»

«እርስዎ ደግሞ! ሌላ ጊዜ ከመኪና ሳይወርዱ አልነበር ስሙን የሚነግሩን? አረጁ እንዴ?»

ፖሊሶቹ ሳቁ። መርዙቅም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

አንድ ተስፋ ብቻ ነበረው። በበጋ፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል የሰሜኑ ነፋስ ይነሳል። ከተነሳ አሸዋ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚሄደው። እስከዚያ ማዘግየት ነው። ፈላህም እንደሆን ከደቡቡ ጉብታ ጀርባ የጓደኛ መኪና ቆሞለት ይሆናል፣ ይሄኔ አጎቱ ሰፈር ደርሷል ብሎ ራሱን አጽናና። ስለዚህ ተንበረከከ፣ ያልነበረ ነገር እንዳየ ሆነ፣ ሰዎቹን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አስፋልቱ ይመራቸው ጀመር።

«አባት፣ ዱካው እኮ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው» አለ አንዱ ፖሊስ።

«እሱ የትናንት ነው! የማታውቀውን አትዘባርቅ!» አለ መርዙቅ። ሻፊ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየው። አወቀብኝ፣ አለቀልኝ አለ መርዙቅ በልቡ። ፊቱን አዙሮ ወደ ምዕራብ መራመዱን ቀጠለ። ሻፊም ተከተለው።

በመጨረሻ ጉንጩን አንዳች ነገር ነካው። ነፋስ! አገር የሚረግመውን ነፋስ መርዙቅ «ና፣ በአላህ፣ ቶሎ ና» እያለ ለመነው። መጣም። ሰማዩ ቢጫ ሆነ፣ አሸዋው እየተነነ ዓይን አላስገልጥ አለ፤ ሰዎቹ ፊታቸውን በጥምጣማቸው ሸፍነው ወደ መኪናው ሮጡ።

«በቃ፣ ጉድ ሆንን» አለ ሻፊ። «አሁን አሚሩን ምን ልበለው?»

«አስፋልቱ ላይ መኪና ጠብቆት ይዞት ሄዷል በለው።»

ቤቱ ደጃፍ ሲያወርዱት እፎይ አለ። ሚስቱ ወድሃ የውሃ ጀሪካን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ከኋላው፣ ከጎኑ ሰው ፈለገች።

«ፈላህስ?»

«ቀስ በይ! ማንም አላወቀበትም። አድኜዋለሁ።»

«ከምኑ ነው ያዳንከው? ልጁ የታለ?»

«ወፏን ይዞ ሄዷላ! እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ልጄ ሌባ ነው እንዴ?» ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። «ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ሲመለስ ወፏን የአሚሩ አጥር ላይ አገኛት። በሩን የአሚሩ ሰዎች ናቸው ረስተው ክፍት የተዉት! ሲጠራት ወደ ደቡብ በረረች፣ ተከተላት። ‹ዝቅ ዝቅ እያለችልኝ ነው፣ ይዤ ለአሚሩ በእጄ አስረክባለሁ› ብሎ ደወለልኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ውሃ እንኳ አልያዘም!»

«ታዲያ ለሰው አትናገሪም?»

«እሱ ነዋ ማንንም አታስቸግሪ ያለኝ! ‹አባቴ ዱካዬን ካየ ያውቀዋል፣ ተከትሎ ይመጣል› አለኝ። የፖሊሶቹ መኪና ሲወስድህ ሳይ እሱን ልትፈልጉ መስሎኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ተቀመጥኩ።»

መርዙቅ እየጮኸ ወጣ። መኪናው ገና እየዞረ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ። «ዋሽቼሃለሁ! ዱካው የልጄ ነው፣ የፈላህ ነው! ወፏን ሊመልስ በረሃው ውስጥ በእግሩ ገባ። እሰረኝ፣ የፈለግከውን አድርገኝ፣ ልጄን ብቻ ፈልግልኝ!»

ሻፊ ክው አለ። ሊሳደብ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አየና ሬዲዮኑን አነሳ። «መኪና አለ፣ ሰውም አለ፣ አሚሩም ተጨማሪ ሰው ይልካል። ግን ደቡብ ማለት እኮ እስከ የመን ድረስ አሸዋ ነው። በየት በኩል ነው የገባው? እርስዎ ያሳዩን፣ አቡ ፈላህ።»

መርዙቅ ወደ ደቡብ ዞረ። ነፋሱ ገና ይነፍሳል። አሸዋው ላይ አንድም ምልክት የለም።

«አላውቅም» አለ።