የጥጃዋ ወፍጮ

በሰባ ሰባት በልግ አልዘነበም። ክረምቱም ቶሎ ወጣ። ገብሱ ሳያሽት ደረቀ፤ ከብቶቻችን አለቁ። የአርብ ገበያው ነጋዴ ጁነይዲ የምትታለብ ላሙን ሰጠን። ልጆቻችን በእሷ ወተት ከረሙ። ላሟ ግን እኛው ዘንድ ሞተች። ጁነይዲ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ያ ነው የከበደኝ።

ዓመታት አልፈው ያለችኝ አንዲት ላም ሴት ጥጃ ወለደች። "ይቺ የጁነይዲ ናት" አልኩ። ብዙም ሳትቆይ አስቀመጣት። ዓይኗ ጎደጎደ።

የእንስሳት ጤና ረዳቱ ቀለመ ወርቅ በበቅሎ መጣ። ጥጃዋን አያት።

"ኮሮና የሚሉት የጥጃ ተቅማጥ ቫይረስ ይመስለኛል። የሚገድለው መድኃኒት የለም።"

"ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?" አለችው ባለቤቴ ቦጋለች።

ሳቀ። "ይስሙኝ እትዬ። ሥጋዋ የተሠራው ከዓይን ከረቀቁ ቤቶች ነው፤ ሴል ይባላሉ። ቫይረሱ የራሱ ወፍጮ የለውም። ሴሏ ውስጥ ገብቶ በእሷው ወፍጮ እየፈጨ ይባዛል። ቤቱ ግን ፕሮቲን የሚባሉ ዘበኞች አሉት። ሌባ መግባቱን ሲያውቁ የወፍጮውን የላይ ድንጋይ፣ መጁን፣ ይይዙበታል፤ እህሉን ይበትኑበታል፤ ጎረቤቱንም ያስጠነቅቃሉ። መፍጨት ካቃተው መባዛቱ ቀረ። እስከዚያ ጨውና ስኳር በውሃ እያጠጣን እናቆያታለን።"

ቦጋለች ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ዱቄት አለቀ። ወፍጮው ላይ መጁ የለም። ጎተራውን፣ ጭዱን፣ የመደቡን ሥር በረበርኩ።

"መጁ የት ሄደ?"

"ደብቄዋለሁ። የሰውየውን አልሰማህም?"

"እሱ ያለው የጥጃዋን ወፍጮ ነው።"

"የእኛን ቢያገኝስ?"

የዚያን ቀን ቆሎ በላን። ጎረቤታችን ፋንቱም ጥጃ ነበራት፤ ሰምታ የራሷን መጅ ደበቀች። ከዚያ ሌላዋም፣ ሌላዋም። መንደሩ በሙሉ ቆሎ ይቆረጥም ጀመር። ቄሱ ሳይቀሩ ኪሳቸው ሽንብራ ነበር።

ቀለመ ወርቅ ተመልሶ ሲመጣ ጉንጩ ያልተነፋ ሰው አላገኘም።

"ምን ሆናችሁ?"

ፋንቱ ነገረችው። በቅሎውን ለቆ ደጃችን ከተኛችው ጥጃ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ቄሱ ሽንብራ ትን አላቸው። በዚህ መሃል ጥጃዋ ብድግ አለች፤ ዘላ ቀለመ ወርቅን ገፍታ እናቷ ጡት ሥር ገባች። ከተኛችበት ጉዝጓዝ ሥር መጁ ብቅ አለ።

"ይኸው" አለች ቦጋለች፣ "ዘበኛው እኔ ነኝ።"

"እርስዎም ይቆጠሩ" አላት። "ዋናዎቹ ግን ውስጧ ናቸው።"

ጡት ስትጥል ጊዜ አርብ ዕለት ወሰድኳት። ጁነይዲ ከሱቁ ወጣ።

"ይህ ምንድን ነው፣ አያ ጣሰው?"

"ላምህ።"

"የኔ ላም ቀንድ ነበራት።"

"ታበቅላለች።"

ሚስቱ ረሺዳ ከኋላው ሳቀች። ጁነይዲ ጥጃዋን ዞሮ አያት፤ ገመዱንም ከእጄ ተቀበለኝ።