አልላላ ያለችው ጡንቻ

ሠርጓ የደረሰው ተመራማሪ ቀሚስ ለመለካት ከላቦራቶሪዋ አልወጣ ስላለች፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ቀሚሱን በላስቲክ ጠቅልላ ራሷ ከች አለች።

«አንቺ ካልመጣሽ ቀሚሱ ይመጣል!» አለች በሩን በክርኗ እየገፋች።

«አክስቴ፣ ዛሬን ብቻ ተይኝ! ስጠብቀው የነበረው መድኃኒት ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰልኝ።»

«ማን ከለከለሽ? ሥሪ። እኔ የምፈልገው ወገብሽን ነው።»

ምን ታድርግ! ቀሚሱን ለብሳ፣ ነጩን ጋውን ከላይ ደርባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትናንሽ ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል። በየብርጭቆው ውስጥ ከበሬ የደም ቧንቧ የተቆረጠች ቀጭን ጡንቻ ለብ ባለ ፈሳሽ ውስጥ በመንጠቆ ተወጥራለች። ጡንቻዋ ስትኮማተር መንጠቆውን ትጎትታለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመርም ይወጣል። ስትላላ ይወርዳል። ችግሩ አልወርድ ማለቱ ነበር። ወሩን ሙሉ ሥራዋን የሚከታተለው ፕሮፌሰር «ካልሲየሙን ከጡንቻዋ በደንብ አላጠብሽውም» እያለ ነዝንዟታል።

«ይቺ ብጣሽ ሥጋ ናት እንቅልፍ የነሳችሽ?» አለች አክስቷ፣ መርፌ አፏ ውስጥ እንደያዘች።

«እሷው ናት። ካልሲየም ሲበዛ አንዱ ኢንዛይም ይነቃና ጡንቻዋን ያኮማትራታል። ካልሲየሙ ሲቀንስ ደግሞ ሌላው ኢንዛይም የዚያን ሥራ እያፈረሰ ያላላታል። የእኔዋ ግን ካልሲየሙ ከወጣም በኋላ እንደተኮማተረች ናት።»

«ክንድሽን አንሺ። ከዚያስ?»

«ሦስተኛ ኢንዛይም አለ ባይ ነኝ። የሚያላላውን ጠፍሮ ይዞ ሥራ ያስፈታው እሱ ነው። መድኃኒቱ ይህን ሦስተኛውን ያስቆመዋል።»

«ነገረኛ ነዋ! በይ ዙሪ።»

ተመራማሪዋ በአንዱ ብርጭቆ መድኃኒቱን፣ በሌላው መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ጠብ አደረገች። ሁለቱም መስመሮች ንቅንቅ አላሉም። ድንገት መድኃኒት የገባበት ብርጭቆ መስመር ትንሽ ዘንበል አለ፤ ከዚያ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሌላው እዚያው ከላይ እንደተገተረ ነው።

«ወረደ! አክስቴ፣ ወረደ!» ብላ ስትዘል ቀሚሱ ከብብቷ እስከ ወገቧ ጠርርር አለ።

አክስቷ መጀመሪያ ለቀሚሱ ጮኸች፤ ቀጥላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጩኸቱን ሰምቶ ፕሮፌሰሩ እየሮጠ ገባ። የተቀደደውን ቀሚስ አየ፤ መስመሩን አየ፤ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየ።

«ማጠቡንማ በደንብ አጥበሽዋል» አለ በመጨረሻ፣ ጆሮው እየቀላ። «በከንቱ ነው የነዘነዝኩሽ። በይ ነገ በአዲስ ጡንቻ ድገሚው።»

ስልኳ ጠራ። እጇ ላይ ጓንት ስለነበር አክስቷ አነሳችው። ታች መኪና ውስጥ የሚጠብቃቸው እጮኛዋ ነው።

«ልጄ፣ ደስ ይበልህ! በመጨረሻ ለቀቀችው!»

«ማንን?»

«ወሩን ሙሉ ጨምድዳ ይዛው አልነበር? ዛሬ ለቀቀችው!»

ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እጮኛዋ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩ ላይ ተገተረ። የተቀደደውን የሙሽራ ቀሚስ ሲያይ ጭራሽ ደሙ ከፊቱ ሸሸ።

«ምን በደልኩሽና ትለቂኛለሽ?»

ሙሽራዋ በሳቅ ፍርስ ብላ በጣቷ ወደ ብርጭቆው ጠቆመች።

«ጡንቻዋ መንጠቆውን ለቀቀችው ነው ያልኩት፣ አንተ ጅል!» አለች አክስቷ።

ፕሮፌሰሩ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ውኃም ሰጠው። ነፍሱ መለስ ስትል ራሱም መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ መስመሩ ጠጋ ብሎ «እስቲ አስረጂኝ፤ የትኛው ነው ነገረኛው?» አላት። እሷም አክስቷ ከጎኗ ስፌቱን እያያያዘች፣ ስለ ሦስቱም ኢንዛይሞች ከመጀመሪያው ጀመረችለት።