እጅ ወደ ኋላ

ወይዘሮ ደስታነሽን በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ መደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሦስት ቀን ሙሉ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያላቸው ሰው አልነበረም። የቤቱ ምሰሶ እንኳ ከሳቸው ይሻላል፤ እሱን ቢያንስ ሰው ይደገፈዋል።

ክርክሩ የባዳ ልጅ ጉዳይ ቢሆን ዝም ባሉ። ነገሩ ግን የልጅ ልጃቸው የሄቨን ነው። ሄቨን ቅዳሜ ቡሬ ላይ ፈተና አለባት፤ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ፕሮግራም ጻፊ ይሏታል። ካለፈች ዘጠኝ ወር በነጻ ተምራ ሥራ ትይዛለች። ከወደቀች ሁለተኛ ዕድል የለም፤ እንደ አምናው ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብላ ደጅ ደጁን ማየት ነው። ክርክሩ እስከዚያ በምን ትለማመድ ነው።

የወንድማቸው ልጅ ምስክር ከባሕር ዳር ዲግሪ ይዞ ተመልሷል። ዲግሪው ሥራ ገና አላገኘለትም፤ አፍ ግን አሟልቶ ሰጥቶታል። «ጀማሪ በትልቁ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው መማር ያለበት» ይላል። «ሁሉ ነገር በውስጡ አለ። ሁለት ፊደል ስትጽፊ የቀረውን ራሱ ይሞላልሻል፤ ስትሳሳቺ በቀይ ያሰምርብሻል።»

ኮምፒውተር የሚያስተምረው ጎረቤታቸው መምህር ሰውነት ደግሞ፣ «የለም፣ ተራው የጽሑፍ ኤዲተር ይበቃታል» ባይ ነው። «ባዶ ገጽ ነው። አይሞላም፣ አያሰምርም። የምትጽፈውን ራሷ ታውቀዋለች።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ በሁለተኛው ቀን።

«አክስቴ፣ ይሄ የቴክኖሎጂ ነገር ነው» አለ ምስክር፣ ዞር እንኳ ሳይል። «አንቱ ስፌትዎን ይስፉ።»

ሰፉ። ምን ያድርጉ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው መቼም ጆሮ የለውም።

ምስክር በጩኸት አሸነፈና ትልቁን ፕሮግራም በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ጫነው። ላፕቶፑ ጤፍ እንደተጫነች እርጉዝ አህያ ያቃስት ጀመር። እስኪከፈት ድረስ አንድ ውዳሴ ማርያም ይደገማል። ከተከፈተ በኋላ ሄቨን ጠቅ ጠቅ ታደርግና ዝም ትላለች። ደግሞ ጠቅ ጠቅ፤ ደግሞ ዝም። ያ ዝምታ ለወይዘሮ ደስታነሽ ጆሮ አልጣመም። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ ሴት ልጆች ወስፌ ሲያስይዙ ኖረዋል፤ ስንደዶውን ሌላ ሰው እስኪያቀብላት የምትጠብቅ ልጅ እንዲህ ነው የምትሰፋው።

ሐሙስ ጠዋት ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

«ሄቨን፣ በዚያ ሊቅ ዕቃሽ አንድ ነገር ጻፊልኝ። የመሶቤን ዙር ይቁጠርልኝ። ሁለት ጥቁር፣ ሦስተኛው ቀይ፤ እንዲያ እያለ እስከ ሠላሳ።»

ምስክር ሳቀ። «ይሄማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው አክስቴ!»

እውነቱን ነበር። ሄቨን ጥቂት ነካካች፤ ፕሮግራሙ ቀሪውን ሞላላት። «ጨረስኩ እሜቴ!»

«አንብቢው።»

«ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥቁር...»

ወይዘሮ ደስታነሽ እስከ ሠላሳ በጣታቸው ተከተሏት። «ቀዮቹ አሥር ናቸው፤ ደግ። ቦታቸው ግን የታለ? እኔ ከቀይ ጀምሪ ብያለሁ?»

ሄቨን ስክሪኑን አየች። «ምንም አላሰመረብኝም እኮ።»

«ለምን ከቀይ ጀመረ?»

«እ... ራሱ ነው የሞላው።»

«አንተስ፣ ባለ ዲግሪው?»

ምስክር ወንበሩን ሳበ። ነካካ፣ አጠፋ፣ መለሰ። አንዴ ሁሉም ቀይ ወጣለት፣ አንዴ ሁሉም ጥቁር። «ላፕቶፑ ነው፤ አርጅቷል» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ቁጥር ግን አልሳትኩም። ተነሥ! መምህር ሰውነትን ጥራልኝ፤ ያንን ባዶ ገጹን ይክፈትላት።»

በወይዘሮ ደስታነሽ ቤት አንድ የቆየ ወግ አለ። ልጅ የመጀመሪያ ስፌቷን ስትጀምር አስተማሪዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች። በአፍ መናገር ይፈቀዳል፤ እጅ ማስገባት ነውር ነው። አሁንም ሁለቱን ወንዶች እንዲያ አቆሟቸው። መምህሩ እየሳቀ ቆመ፤ ምስክር ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ።

ሄቨን ባዶው ገጽ ላይ ፍዳዋን በላች። አንድ ምልክት ትረሳለች፣ አይሠራም። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ጥፍሯን ትበላለች። የምስክር እጅ ሦስት ጊዜ ሾልኮ ሊመጣ ሲል፣ ሦስቱንም ጊዜ ወይዘሮ ደስታነሽ ከስፌታቸው አጠገብ ባለው የአለላ ዘንግ መቱት። ምሳ ሰዓት አልፎ ልጅቱ ድንገት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ከዜሮ ነው! እሜቴ፣ ከዜሮ ስለሚቆጥርና ዜሮውንም እንደ ሦስተኛው ቀይ ስለሚያደርገው ነው ቀዩ የቀደመው! ከአንድ ማስጀመር ነበረብኝ!»

«ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ» ብላ አነበበች። ወይዘሮ ደስታነሽ ወስፌያቸውን አነሡ። ዓርብንም እንዲሁ በባዶ ገጽ ዋለች።

ቅዳሜ ቡሬ አብረዋት ሄዱ። ምስክርም ማንም ሳይጠራው ተከተለ። የፈተናው ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነው ትልቁ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ።

«አላልኩም?» አለ ምስክር፣ ግቢው ውስጥ ደረቱን ነፍቶ። «አላልኩም አክስቴ?»

ወይዘሮ ደስታነሽ ዓይናቸውን የፈተናው ክፍል በር ላይ ተከሉ።

ሄቨን ላብ አጥምቋት ወጣች። «እሜቴ፣ ያው የለመደውን አደረገ፤ ከዜሮ ጀምሮ ሞላልኝ። ጥያቄው ከአንድ ነበር የሚለው። አጠፋሁና በራሴ እጅ ጻፍኩት። ከጎኔ ያሉት የሞላላቸውን እንዳለ ተቀበሉ።»

ከሰዓት በኋላ የስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሃያ ስድስቱ ተፈታኞች ሰባት አልፈዋል፤ ሄቨን አራተኛ ናት። ወይዘሮ ደስታነሽ ጽሑፉን ማንበብ ስለማይችሉ፣ ሄቨን ጣታቸውን ይዛ ስሟ ላይ አሳረፈችላቸው።

ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመለሱ ምስክር ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ለሾፌሩ ያወራል። «እኔ ነኝ ያዘጋጀኋት። ከመጀመሪያው ትልቁን ፕሮግራም ጫንኩላት። ቤት ውስጥ ማን የሚያውቅ ሰው አለ ብለህ!»

ሾፌሩ «ጎበዝ!» አለው።

ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ምስክር!»

«አቤት አክስቴ?»

«ዞር በል፤ ፊትህን ልየው። ትልቁ ዕቃህ ክፉ ነው አላልኩም። የሚያቀብለውን መርምራ የምትቀበል ልጅ እጅ ሲገባ ያግዛል፤ አሁን ሄቨን ትጠቀምበት። አንተ ግን ሰኞ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እቤቴ ትመጣለህ። ያንን ባዶ ገጽ ትከፍታለህ። ሁለት ጥቁር፣ ሦስተኛው ቀይ፣ እስከ ሠላሳ ትጽፍልኛለህ። ሄቨን እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆምብሃለች፤ የአለላው ዘንግ ከኔ ጋር ነው። ሾፌሩም ይምጣ፤ እንዳዘጋጀሃት በዓይኑ ይይልህ።»