ኅዳር ጽዮን በገበያነሽ ቤት

መሪጌታ አለነ የወደቁት በመስከረም መጨረሻ፣ ደረስጌ፣ ከገዛ ደጃፋቸው ላይ ነው። ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎንደር ሆስፒታል ብረት ገብቶላቸው ሲወጡ ልጃቸው ገበያነሽ ደባርቅ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ እስከ ጥር ድረስ በዚያ እግራቸው እንዳይቆሙ ከልክሏቸዋል።

ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። አርባ አንዱን ዓመት የኅዳር ጽዮንን ማኅሌት ደረስጌ ላይ መርተዋል። ታመው መርተዋል፤ የገበያነሽ እናት በተቀበረች በሳምንቷም መርተዋል። ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ዝም አሉ። ከቀረበላቸው ምግብ ግማሹን ይመልሳሉ። ጧት ጧት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ዛሬ ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ ነው አባዬ።"

"አሥር ቀን ቀረው" ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ገበያነሽ ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ እህል ስትሰፍር ያ የዞረ ፊት ከዓይኗ አይጠፋም ነበር።

ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን ታደለ ደወለ። ታደለ የደረስጌ ተወላጅ ነው፤ ጎንደር ይነግዳል። እሱና የአገሩ ልጆች ተባብረው በዓሉን በኢንተርኔት በሚታይ የቴሌቪዥን አገልግሎት በቀጥታ ሊያስተላልፉት ነው። ካሜራውን የሚይዙት ሰዎች ኔትወርክ የሚያገኝ ቦታ ፈልገው አግኝተዋል።

"መሪጌታን ከቴሌቪዥኑ ፊት ማስቀመጥ ብቻ ነው" አላት። አገልግሎቱ ደንበኛ ላልሆነ ስለማይከፈት የራሱን የይለፍ ቃል ሰጣት።

ለአባቷ ስትነግራቸው ከግድግዳው ዞሩ።

"ደምለውንም ያሳያል?"

ደምለው ተማሪያቸው ነው። አሥራ አራት ዓመት አስተምረውታል፤ ዘንድሮ በእሳቸው ቦታ ቆሞ የሚመራው እሱ ነው።

"ሁሉንም ያሳያል አባዬ።"

"ይቸኩላል" አሉ መሪጌታ። "ድምፁን ሰጥቶታል፤ ግን ይቸኩላል። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።" ያን ቀን የቀረበላቸውን ጨርሰው በሉ።

ገበያነሽ በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ከስድስት ዓመት በፊት ስትገዛው ስማርት ነው ተብላ ነበር። የአገልግሎቱን ስም በሪሞት እየለቀመች፣ አንዱን ፊደል ስትስት ሌላውን እየሰረዘች ጻፈች። የለም። ደግማ ጻፈች። አሁንም የለም። አገልግሎቱ የሰጠው የስልክ ቁጥር ላይ ደወለችና አንድ ትሑት ወጣት አነሣው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር አስነበባት።

"ይቅርታ እህቴ፣ ይህ ሞዴል ከመተግበሪያው ጋር አይሠራም።"

"እንዴት አይሠራም? ዜና እያየሁበት እኮ ነው።"

"ዜናውን ያሳያል። የእኛን መተግበሪያ ግን አይቀበልም፤ አርጅቷል።"

"ስድስት ዓመት ነው እርጅና?"

መሪጌታ ከአልጋቸው ቀና አሉ። "ማን ነው ያረጀው?"

"ቴሌቪዥኑ ነው አባዬ።"

"እህ" አሉና ተመልሰው ተኙ።

በስልኳ ሞከረችው። በስልኳ ወዲያው ተከፈተ፤ ያለፈ ዓመት የሌላ ደብር በዓል አሳየ። አባቷ ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው አዩት። ዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ የቅርብ ነገር አይለይላቸውም።

"ይህ ሰው ነው ወይስ ተልባ?" አሉ።

የዚያን ጊዜ ነው ገበያነሽ ነሲባን የጠራቻት። የሁለቱ ቤት በአንድ አጥር ይዋሰናል። ነሲባ አስፋልቱ ዳር ስልክና ቴሌቪዥን የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ የተበላሸም ታያለች። ኅዳር ሃያ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ሱቋን ዘግታ መጣች። በፌስታል ትንሽ ጥቁር ቦክስ፣ ገመድና ሁለት ሪሞት ይዛለች።

"ቴሌቪዥኑን ተይው፤ እሱ መስታወት ብቻ ይሁን" አለች። "የሚያስበው ይህ ቦክስ ነው።"

መሪጌታ ሁሉንም ከአልጋቸው ይከታተላሉ። ቴሌቪዥኑ ገመዱ የሚሰካበት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ተሰብሯል፣ ሁለተኛው ተቀበለ። መተግበሪያው ቦክሱ ላይ ተጫነ። ከዚያ 'አዲሱን ካላወረድሽ አልከፍትም' ብሎ ነሲባን አንድ ሰዓት አስጠበቃት። አውርዶ ሲጨርስ ቴሌቪዥኑ ጭልም አለ።

"ምን አለ አሁን?" አሉ መሪጌታ።

"ቦክሱ የሚልከው ምስል ጥራቱ በዛበት መሪጌታ። ይህ ቴሌቪዥን እንዲያ ያለውን አያነብም። ነገ በጧት መጥቼ እቀንሰዋለሁ፤ አይስጉ።"

"አልሰጋም። ብቻ ሥራሽን አስፈታንሽ፣ ልጄ።"

በበዓሉ ቀን አንድ ሰዓት ላይ ነሲባ ደረሰች። ሱቋ ሳይከፈት ዋለ። መሪጌታ በትራስ ተደግፈው፣ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ይጠብቋት ነበር። ገበያነሽ ጥምጥሙን ስታይ ወደ ውጭ ወጥታ ተመለሰች።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ምስሉ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ጥላዎች፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የቆሙ መዘምራን። ገበያነሽ አጨበጨበች። መሪጌታ ግን አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ጠበቁ።

"አይሰማም" አሉ።

ነሲባ ድምፁን ጨመረች። እስከ ጫፍ አደረሰችው። ቴሌቪዥኑ ለዜናው ይጮኻል፤ ከቦክሱ የሚመጣውን ድምፅ ግን አያውቀውም። ከሱቋ ያመጣችውን ትንሽ ስፒከር አገናኘች፤ ስፒከሩና ቦክሱ አልተዋወቁም።

"ድምፁን በስልኬ እንክፈተው፣ ምስሉን እዚህ እንይ" አለች ገበያነሽ።

ስልኩ ተከፈተ። የከበሮ ድምፅ አንዴ ድም ሲል ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ምስል ጠፋና ጽሑፍ መጣ። በአንድ የይለፍ ቃል የሚታየው በአንድ መሣሪያ ብቻ ነው ይላል። ስልኩን ሲዘጉ ምስሉ ተመለሰ፤ ድምፁ ሄደ።

ነሲባ ላብ አጠመቃት። "ቆይ፣ ሌላ ገመድ አለኝ፣ ሮጬ..."

"ተቀመጪ ልጄ" አሉ መሪጌታ። "ይታየኛል። ይበቃል።"

ሦስቱም ያዩ ጀመር። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዘነበሉ ይዘምማሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። መሐል ላይ ደምለው ቆሟል፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጥምጥሙ ትንሽ የበዛበት። መሪጌታ የመቋሚያውን አወራረድ ትክ ብለው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሻከረ ነበር፤ ሁለት ወር ያልተሠራበት ድምፅ ነው። አንድ የዜማ ቤት ካለፉ በኋላ ጠራ። የደምለው አፍ ሲከፈት የእሳቸው ዜማ ይነሣል፣ መቋሚያው ሲወርድ ዜማው አብሮ ይወርዳል። እጃቸው የአልጋውን እንጨት ይመታል። ቴሌቪዥኑ የነፈገውን እሳቸው ሞሉት።

ገበያነሽ አባቷን ደጋግማ አየቻቸው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ዜማ በዚህ ቅርበት ሰምታው አታውቅም። ልጅ ሆና፣ በዓል በመጣ ቁጥር እናቷ ዘንድ ዳስ ውስጥ ነበረች፤ ውኃ ስትቀዳ፣ ሳህን ስታቀብል። የአባቷ ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ በግንብ ላይ አልፎ ነበር የሚመጣላት። አሁን ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ሳይቀር ትሰማለች። ነሲባ ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ራሷን ደፋች። የራሷ አባት በሕይወት ሳሉ መንዙማ ሲሉ እንዲሁ ነበር የምትቀመጠው።

ከበሮው ተነሣ። መሪጌታ ድንገት አቆሙ።

"ዘለለ!" አሉ።

ምስሉን ላየው ነገሩ ግልጽ ነበር። በቀኝ የቆሙት ጸናጽላቸውን ሲያነሡ በግራ ያሉት ገና መቋሚያቸው ላይ ናቸው። ከበሮ መቺዎቹ ተያዩ። ደምለው አንድ ቤት ትቶ ተሻግሯል። ካሜራው ፊቱ ላይ ነበረ፤ ላቡ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄደና የሚፈልገውን አጥቶ ተመለሰ።

ገበያነሽ አባቷ የሚቆጡ መስሏት ነበር። መሪጌታ ግን እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ።

"ግድ የለም። ግድ የለም ልጄ። ቀስ በል። ከላይ ያዘው።"

ከላይ ጀምረው እሳቸው ያዙት፤ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ። ሁለት ሦስት ቃል እንደሄዱ ደምለው መቋሚያውን ከፍ አድርጎ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። ከዚያ አፉ ተከፈተ። መሪጌታ የጀመሩትን ትተው ወደ ቤቱ መጀመሪያ ተመለሱና ከእሱ ጋር አብረው ጀመሩ። ታቦቱ ዞሮ እስኪገባ ድረስ አላቆሙም። ሲጨርሱ ኩታቸው በላብ ርሶ ነበር። ውኃ ጠጡ፤ ቀጥሎም ምሳ የት ደረሰ አሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ገበያነሽ ደምለውን ደውላ አገናኘቻቸው። የአባቷ ጆሮ ስለሚከብድ ስልኩን ጮክ አድርጋ ከፈተችው።

"የኔታ" አለ ደምለው። "እንኳን አደረሰዎ። እግርዎ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነው። እንኳን አብሮ አደረሰን። ጥሩ አደረጋችሁ።"

"በቴሌቪዥን ያዩናል ብለው ነግረውኝ ነበር።"

"አየሁ።"

"ከዝማሜው ወደ መረግዱ ስንሻገር፣ ከበሮው ሲነሣ... እሱንም አዩት የኔታ?"

መሪጌታ ገበያነሽን አዩ፤ ነሲባን አዩ። ነሲባ ገመድ ትጠቀልል ነበር፤ እጇ ቆመ።

"እሷን እንኳ አላየኋት" አሉ። "የገበያነሽ ቴሌቪዥን አርጅቷል፤ ከመተግበሪያው ጋር አይስማማም አሉኝ። ምስሉ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ምን ነበር?"

"ምንም... ትንሽ ቸኮልኩ፤ አንድ ቤት ዘለልኩ።"

"መለስኸው?"

"መለስኩት። ከላይ ያዝኩት። እርስዎ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።"

"እንግዲያ ምን ቀረ? እኔም ስንቴ መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አይቻለሁ፤ ጥሩ ነበር።"

ደምለው በአሥራ አራት ዓመት ከየኔታ አፍ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ትንፋሹ በስልኩ ሲቆራረጥ ሦስቱም ሰሙት።

"እሑድ እመጣለሁ" አለ በመጨረሻ።

"ና። ልብስህን ደርብ፤ ብርድ ነው።"

ስልኩ ሲዘጋ ነሲባ ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። "መሪጌታ፣ ቴሌቪዥናችንን ያለ ጥፋቱ አሙት።"

"ቢታማ ምን ይለናል?" አሉ።

በሦስተኛው ቀን ነሲባ የድምፁን ነገር አገኘችው። ቦክሱ ውስጥ የድምፁን ዓይነት የሚመርጡበት ቦታ ኖሯል፤ ወደ ቀላሉ ስትመልሰው ቴሌቪዥኑ ተቀበለ። የተቀዳውን በዓል ከፈተችላቸው፤ ከበሮውና እልልታው ቤቱን ሞላው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው የደምለውን ድምፅ ሰሙ። የተዘለለው ቤት ላይ ሲደርስ ፊታቸው አልተለወጠም።

እሑድ ደምለው መጣ፤ አራት ቀን ተቀመጠ። ጧት ጧት ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ የኔታ ዜማውን ይሰጡታል፣ እሱ ይመልሳል። ገበያነሽ በእነዚያ ቀናት ወፍጮ ቤት አርፍዳ ትገባ ነበር።