ሁሌም ይታረቃሉ

ቶሮንቶ ውስጥ ብርቅዬን የማያውቅ አበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው ወይ ስልክ የለውም። «ዘጠነኛ ፎቅ» የሚባለውን ተከታታይ ድራማ በዩቲዩብ የሚከታተል ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ያውም በራሷ ስም ሳይሆን በድራማው ስሟ ሐሴት እያለ። ዳንፎርዝ ላይ በርበሬ ልትገዛ ጎራ ስትል እንኳ ባለሱቁ «ሐሴትዬ፣ ያ ባልሽ ተመለሰልሽ?» ይላታል። ያ ባሏ አስማማው ነው። በድራማው ባሏ፣ በቤቷም ባሏ። ደራሲው፣ አዘጋጁና ካሜራማኑም እሱው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፍቅር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። አስማማው ከሰኞ እስከ ዓርብ ባንክ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ይውልና ቅዳሜና እሁድ ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለው አፓርታማው ድራማ ይቀርፃል። ብርቅዬ በተማሪነት መጥታ፣ ተመርቃ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለቱ ሊፍት ውስጥ ይገናኛሉ፤ ይተያያሉ፤ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይለያያሉ። ተመልካቹ አበደ። ምዕራፉ ሲያልቅ ካሜራው ጠፍቶም መተያየታቸውን አላቆሙም።

በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የሐሴት ሠርግ ሲደርስ የብርቅዬም ሠርግ ደረሰ። «አዳራሽ ሁለት ጊዜ ምን ያስከራየናል?» አለ አስማማው፣ አንዱን ሠርግ ለሁለቱም አደረገው። ሽማግሌዎቹ እውነተኛ፣ ምርቃቱ እውነተኛ፣ እንግዳው እውነተኛ። ካሜራው ግን በርቷል። ሙሽራዋ ቬሎዋን እየጎተተች ስትገባ፣ ሙሽራው ከካሜራው ጀርባ ብቅ ብሎ «ብርቄ፣ መብራቱ አልያዘሽም፤ ወጥተሽ አንዴ ድገሚው» አላት። ወጥታ ደገመችው። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ከሠርግ በኋላስ? ተከታታይ ድራማ የሚሠራ ሰው ከሠርግ በኋላ ጭንቅ ይይዘዋል። የተጋባ ሰው ማንም አያይም። ቁርስ ሲበሉ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ ተኝተው ሲያንኮራፉ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? አስማማው ይህን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ «ፍቅር የሚታየው እስኪገናኙ ነው። ከተገናኙ በኋላ ወይ ታጣላቸዋለህ፣ ወይ ታሳምማቸዋለህ፣ ወይ አንዱን ትገድላለህ።» ስለዚህ በሦስተኛው ምዕራፍ አጣላቸው፤ በመጨረሻው ክፍል አስታረቃቸው። በአራተኛው ለያያቸው፤ በመጨረሻው ክፍል አስታረቃቸው። ሕዝቡም ለመደ። እነዚህ ሰዎች ሁሌም ይታረቃሉ። አንዲት ረዳት ተዋናይት ካልጋሪ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ብቻ በድራማው መኪና አስገጭቶ ገደላት፤ አዲስ አበባ ላለችው እናቷ ደውለው ያጽናኑ ተመልካቾች ነበሩ።

አስማማው ብርቅዬን መጀመሪያ የመታት በአንድ ትዕይንት ተከራክረው ነው። ሐሴት ባሏን ይቅርታ እንድትጠይቅ ጽፏል፤ ብርቅዬ ደግሞ «ያጠፋው እሱ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ?» አለች። በማግስቱ ቀረጻ ነበር። ያበጠ ጉንጯን አገላብጦ አየ፣ ላፕቶፑን ከፈተና ሐሴት ከደረጃ ወድቃለች ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሲለቀቅ ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ብርቅዬ አውቶቡስ ውስጥ ሆና አነበበች። «ሜካፑን የሠራሽው እጅሽ ይባረክ» ይላል። ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። የዚያን ቀን ለተሰማት ነገር ስም ማውጣት ቸገራት፤ ከዱላው ይልቅ ይሄ አመማት።

ሁለተኛ ጊዜ በር ጣቷ ላይ ዘጋባት። የዚያን ዕለት ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከታ፣ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ያለች የሥራ ባልደረባዋ ሩሃማ ጋ ሄደች። ሩሃማ እዚሁ የተወለደች ናት፤ ነገር ማለባበስ አትወድም።

«ፖሊስ ኮል አድርጊ» አለቻት። «አይም ሲሪየስ፣ ብርቅዬ። ፊንገርሽን እዪው።»

«እማዬ እዚያ ቤት ናት።»

«ሶ? እሷንም አምጫት።»

ለሩሃማ ቀላል ነው። የብርቅዬ እናት ወይዘሮ ወለተማርያም ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ፍሌሚንግደን የከረሙ ሴት ናቸው። አስማማው እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ፊት አቁሞ የፎቁ አዛውንት ጎረቤት አደረጋቸው። ሕዝቡ ወደዳቸው። በአዲስ አበባ የሰፈር ዕድር ላይ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወጣቶች አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ። አስማማው «እማዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ድራማው ምን ይውጠዋል» ይላቸዋል። እሳቸውም ያምኑታል።

ሌላው ሰውማ ብርቅዬ ቤቷን ጥላ መውጣቷን ስትነግረው ይስቅባታል። «ለአምስተኛው ምዕራፍ ማሟሟቂያ ነው አይደል?» ይላታል። ተለያየን ብላ የነገረቻት አንዲት ሴት ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ፣ ትታረቃላችሁ፤ ሁሌም ትታረቃላችሁ» አለቻት። ብርቅዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ እንድታምናት። እናቷ አምናት ከዚያ ቤት ከወጣች፣ የቀረው ቶሮንቶ ገደል ይግባ።

በስልክ ነገረቻት። እናቷ ሰማቻትና «ሽማግሌ ይቀመጥ» አለች። «በሽማግሌ ፊት የተነገረ ይታመናል። ቅዳሜ ከሰዓት ነይ፤ አቶ ታዴዎስን እለምናቸዋለሁ።»

አቶ ታዴዎስ ሠርጓ ላይ የመረቋት ሰው ናቸው። ብርቅዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ቅዳሜ አውቶቡስ ቀያይራ ፍሌሚንግደን ደረሰች። ሳሎኑ እንደነበረ ነው፤ ያው ሐሴት የምታለቅስበት ግራጫ ሶፋ፣ ያው ምንጣፍ። አቶ ታዴዎስና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ተደርድረዋል። አስማማው ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እንዲህ ሲያቀረቅር አይታው ስለማታውቅ ልቧ ትንሽ ራራ።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ አቶ ታዴዎስ። «እዚህ ያለነው አባቶችሽ ነን። የሆድሽን አውጪው።»

አወጣችው።  ስለ ደረጃው ነገረቻቸው፤ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ እጅ ብቻ እንደነበረ። ስለ በሩ ነገረቻቸው። በፋሻ የተጠቀለለውን ጣቷን አንስታ አሳየቻቸው። ቤት ስትገባ መጀመሪያ ፊቱን አይታ ጫማዋን እንደምታወልቅ፣ መጦሪያው ውስጥ የማታ ፈረቃ ሲሰጣት ደስ እንደሚላት ነገረቻቸው። «እኔ መታረቅ አልፈልግም» አለች። «መታመን ብቻ ነው የምፈልገው።»

አቶ ታዴዎስ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንደኛው ሽማግሌ «እግዚኦ» አሉ። ብርቅዬ ከደረቷ ላይ ድንጋይ ሲነሳ ተሰማት። ለካ ይሄን ያህል ቀላል ነበር፤ ትክክለኛ ሰው ፊት መናገር ብቻ።

አቶ ታዴዎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ዞሩ።

«አስማማው፣ ለቅሶዬ ወጣ ወይስ ልድገመው?»

ከመጽሐፎቹ መሃል ትንሽዬ ቀይ የካሜራ መብራት በርታለች። ብርቅዬ ያቺን መብራት እንደ ገዛ ዓይኗ ታውቃታለች፤ ዛሬ ግን ሽማግሌዎቹን ስታይ አላየቻትም።

«ወጥቷል፣ ጋሼ። ግሩም ነው» አለ አስማማው። ቀና ብሎ ነበር።

«አባባ» አለች ብርቅዬ፣ «እኔ እኮ አልተወንኩም።»

«ችሎታሽ እሱ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ አቶ ታዴዎስ። «ከደረጃ የወደቅሽ ጊዜ ባለቤቴ እራት አልበላችም። አስማማው ለዕርቁ ክፍል እውነተኛ ሽማግሌ ይሻላል ሲለኝ፣ እኔ ተዋናይ አይደለሁም ብዬ ነበር። አንቺን ሳይ ግን እንባዬ በራሱ መጣ።»

ፋሻውን ፈታች። ያበጠውን ጣት፣ የጠቆረውን ጥፍር ፊታቸው ዘረጋችው። አቶ ታዴዎስ ጣቱን አዩት። ቀጥለው አስማማውን አዩት። አስማማው ፈገግ አለ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ሰው አላውቅም ሲል አንዳንዴ ማወቅ ስለከበደው ነው፤ እሳቸውም ከዚያ ቤት በሰላም ሻይ ጠጥተው መውጣት ነበረባቸው።

ብርቅዬ እናቷን ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ስኒ ታጥባለች። የታጠበውን ስኒ ነው ደግማ የምታጥበው።

«እማዬ፣ ድራማ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አስማማው ነገረኝ።»

«የነገርኩሽስ? እሱም ድራማ መሰለሽ?»

እናቷ ውሃውን ዘጋች። «የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፣ ብርቄ» አለች ሳትዞር። «ሁለቱንም ቀን ሰምቻለሁ። ሲመታሽም ሰምቻለሁ፣ በሩንም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እውነት ነው ካልን ምን ይተርፈናል? ገመናችን አደባባይ ይወጣል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ? ድራማ ነው ብንል ግን መጨረሻ አለው። ሁሌም ትታረቃላችሁ።»

ብርቅዬ እናቷን የጠላችው የዚያን ሰዓት ነው። ጥላቻው ደግሞ እንደ ሰው ጥላቻ አልነበረም፤ ሆዷ ውስጥ እያለ እናቷን አቅፎ ማልቀስ ያምረዋል። ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እያሰሩ ነው።

«ግደለኝ» አለችው አስማማውን።

አስማማው ግራ ተጋባ።

«ሐሴትን ማለቴ ነው። በሕይወት እስካለች ይጠብቁኛል። አልመለስም። እንደዚያች ካልጋሪ እንደሄደችው ልጅ ግደለኝ።»

ይጮሃል ብላ ነበር። አልጮኸም። አገጩን እየዳበሰ ማሰብ ጀመረ፤ ሚስቱ ጥላው መሄዷ ሳይሆን ክፍሎቹ ነበሩ የታዩት። «መኪናውን ተጠቅሜበታለሁ» አለ። «በሕመም ይሻላል። ለቅሶው ብቻ ሁለት ክፍል ይወጣዋል።»

ብርቅዬ ሻርፗን አንስታ ወጣች። ሊፍቱ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ያበደለት መተያየት የነበረበትን ጥግ ሳታይ ወረደች።

አስማማው ቃሉን ጠበቀ። የሽማግሌዎቹ ክፍል ተለቀቀ፤ ከዚያ በፊት የወጣ አንድም ክፍል ይህን ያህል ተመልካች አላገኘም። ቀጥሎ ሐሴት ታመመች፤ ካሜራው የተዘጋ በር ብቻ ያሳያል። ከዚያ ሞተች። ዳንፎርዝ ላይ ባለሱቁ «ነፍስሽን ይማረው፣ ሐሴትዬ» ብሎ እየሳቀ ለሞት ማካካሻ ነው ያለውን ድፎ ዳቦ በነጻ ሰጣት። አስማማው የሙት ባል ሆኖ አጽናኙ በዛለት። የፍቺው ጉዳይ ሲጀመር እንኳ አንዳንዱ ሰው «በሐዘኑ ላይ» እያለ ያዝንለት ነበር፤ ነገሩን ሁሉ ደበላልቆት።

የለቅሶው ክፍል የወጣ ቀን ብርቅዬ አላይም ብላ ነበር። ሩሃማ ሥራ ስትሄድ ግን ብቻዋን ቀርታ ከፈተችው። ግራጫው ሶፋ ላይ እናቷ ጥቁር ለብሳ፣ የሐሴትን ፎቶ ታቅፋ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የተጻፈላትን ሙሾ ታወርዳለች፤ አስማማው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ መሃል ላይ ቆመች። ፎቶውን አገላብጣ ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ እንደ ሕፃን።

«እየሰማሁ ዝም ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች። «ግድግዳው ስስ ነው ብዬሻለሁ። የገደልኩሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። እናቷ በድራማ ስታለቅስ ድምፅ አውጥታ ነው፤ አባቷ ሲሞት ያለቀሰችው ግን እንዲህ ነበር፣ ታፍና። ብርቅዬ ሁለቱን ትለያለች። አስማማው ክፍሉን ሳይቆርጥ እዚያው ላይ ሙዚቃ ጨምሮበታል።

ከሥር አስተያየቱ ይጎርፋል። «ምን ዓይነት ትወና ነው» ይላል አንዱ። «ለእማማ ሽልማት ይገባቸዋል» ይላል ሌላው።

እሁድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«አየሽው?»

«አየሁት፣ እማዬ።»

 «ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለአቶ ታዴዎስ ነገርኳቸው» አለች እናቷ። «እውነቴን ነው ያለቀስኩት፣ ልጄን እኮ ይመታት ነበር አልኳቸው። ሴቶቹም ከበውኝ ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«አጨበጨቡ።»

ብርቅዬ ጣቷን አየች። ድኗል፤ ግን ጠምሞ ነው የዳነው።

«ብርቄ» አለች እናቷ። «አንቺስ? አንቺ ታምኚኛለሽ?»

ብርቅዬ አምንሻለሁ ለማለት አፏን ከፈተች። ያንን ቃል ከማንም አፍ ሰምታው ስለማታውቅ፣ እንዴት እንደሚባል ጠፋት።