የጎረቤቴ አፍንጫና የሠርጉ ወይን ጠጅ

ጎረቤቴ ቫርላም አፍንጫው ተደፍኖ ሦስት ዓመት ኖረ። ያ የተረገመ የሳይነስ ሕመሙ አንቲባዮቲክ ቢያወርዱበት ቢያወርዱበት አልለቅ አለው፤ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋበት። ሰውየው ግን "በዚች በጆርጂያ የወይን አገር፣ በካኼቲ ምድር፣ ከኔ በላይ ወይን ጠጅ አዋቂ የለም" ባይ ነው፤ እኔ በምጠምቀውም ይሳለቃል። በየዓመቱ ጓሮው በተቀበረው ጋን ይጠምቅና ይጋብዘናል፤ እኛም ቆመን "ለጤናህ!" እያልን ኮምጣጤ እንጠጣለን። ሰው ቤት ተጋብዞ የባለቤቱን ወይን ጠጅ የሚነቅፍ በመንደራችን ገና አልተወለደም። እኔም ፈሪ ነኝ፣ ድገመኝ እላለሁ።

ጉዱ የመጣው ሴት ልጁ ናኑሊ ስትታጭ ነው። ለሁለት መቶ እንግዳ ያንን ጋን ካልከፈትኩ ብሎ ማለ። ለሠርጉ ስድስት ሳምንት ሲቀር ኮምጣጤውን ራሱ ያሽተው ብዬ እየጎተትኩ ትብሊሲ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ዶክተር ማናና ከአፍንጫው ናሙና ወሰደች፤ በሳምንቱ ብልቃጦች ሰጠችው።

"ይሄ ፋጅ ይባላል፣ ጌታዬ ቫርላም። ባክቴሪያውን ብቻ እያደነ የሚጨርስ ቫይረስ ነው። ጠዋትና ማታ አፍንጫዎ ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ።"

"ከየት አመጣችሁት?"

"ከፍሳሽ ቆሻሻ።"

"ከሽንት ቤት?"

"ባክቴሪያው የሚርመሰመሰው እዚያ ነዋ! ተጣርቷል፣ አይስጉ።"

ቫርላም ወደኔ ዞረ። "ኦታር፣ ጭራሽ ሽንት ቤት አፍንጫዬ ውስጥ ሊያስገቡልኝ ነው!"

ሦስት ሳምንት ቢያልፍም ለውጥ የለም። ተመልሰን ሄድን።

"በትክክል እየወሰዱ ነው?" አለች ዶክተሯ።

"አንድም ቀን አላጓደልኩም! ጠብ አደርጋለሁ፣ ወዲያው ለንጽሕናው ብዬ በቻቻ እጠበዋለሁ።"

ቻቻ እሳት የሆነው የወይን አረቄያችን ነው። ዶክተሯ ራሷን ያዘች።

"አንተ ሰውዬ! መድኃኒቱን እኮ ገደልከው!"

"ቻቻ ማንንም ገድሎ አያውቅም!"

ሌላ ብልቃጥ ተሰጠው። የቻቻ ጠርሙሶቹን በሙሉ እኔ ቤት ቆለፍኩባቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ካልሲህ ገማ ብሎ ሰድቦ ከቤቱ አስወጣኝ። እንደዚያ ቀን ተሰድቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

"ጋኑን ከፈትኩት" አለ። "ኮምጣጤ ነው።"

"አዎ።"

"አምናም?"

"አምናም፣ ካቻምናም።"

"አንተ ግን ድገመኝ ትለኝ ነበር!"

"ምን ላድርግ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።"

ሠላሳ ዓመት በወይን ጠጄ ሲሳለቅብኝ የኖረ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። "ሠርጉ ተነገወዲያ ነው፣ ኦታር። ልጄን አታዋርድብኝ። ጋንህን ስጠኝ።"

አንጀቴን በላው። የጋኔን ክዳን አንስቼ አንድ ብርጭቆ ቀዳሁለት። አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣ እንባው ወረደ። ከዚያ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ፊት ፊቱን አየሁት።

"ድገመኝ" አለ።

የምሩን ይሁን በይሉኝታ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።